ሽርጥ የማን ትጥቅ ነው?

የቤተሰብ ዓምድ

ስለ ትጥቅ ሲነሳ የወታደር ጆሮ ይቆማል። ቀበቶው፣ ጫማው፣ ኮዳውና የጥይት መያዣው የየራሳቸው ቦታና የየራሳቸው ክብር አላቸው። በየጧቱ ይወለወላሉ፤ በየጊዜው ይፈተሻሉ፤ ሲጠፉም ያስጠይቃሉ። በዚህ ሳምንት በቤተሰብ ዓምዳችን የምናነሳው ግን ማንም በክብር መዝገብ ላይ የማያሰፍረውን፣ ሆኖም ያለ እርሱ የትኛውም ጦር አንድ ቀን ውሎ የማያድርበትን ሌላ ትጥቅ ነው። ይኸውም ከማጀት በር ጀርባ በምስማር ላይ ተንጠልጥሎ የሚያድረው ሽርጥ ነው።

«ሽርጥ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ሽርጥ ልብስን ከጥላሸት፣ ከሊጥና ከዘይት የሚጠብቅ ተራ ጨርቅ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ጨርቅ በየዘመኑ ማን እንደታጠቀው፣ ታጥቆትም ከበሬታን ወይስ ንቀትን እንዳተረፈ የመረመረ ሰው የቤት ውስጥ ሥራን ታሪክ ከነክብሩና ከነበደሉ ያገኘዋል። እኛም ለማሳየት የምንሞክረው ሽርጥ የጾታ ሳይሆን የሥራ ልብስ መሆኑን፣ በማጀት የሚፈሰው ላብም በምሽግና በእርሻ ከሚፈሰው ላብ የማያንስ መሆኑን ነው።

የወንዱ ሽርጥ

ሽርጥ የሴት ልብስ ሆኖ አልተወለደም። ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር የራሳችን ቋንቋ ነው። በአፋርና በሶማሌ ቆላማ ምድር ወንዱ ከወገቡ ዙሪያ ጠምጥሞ የሚያሸርጠው ጨርቅና በከተማ ወጥ ቤት ምግብ አብሳይዋ ከፊቷ የምታስረው ጨርቅ ስማቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም ሽርጥ ይባላሉ። በደጋውም አገር ቢሆን በሥራ ጊዜ ከወገብ በታች የሚታሰረው ግልድም የወንድ የሥራ ልብስ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል።

የሌሎች ሕዝቦች ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል። በፋርሶች ጥንታዊ ትውፊት ውስጥ ካቬ የተባለ አንድ አንጥረኛ አለ። ይህ ሰው ልጆቹን በፈጀበት ጨካኝ ንጉሥ ላይ ባመጸ ጊዜ የቆዳ ሽርጡን ከወገቡ ፈትቶ በጦር ጫፍ ላይ ሰቀለው፤ የተበደለውም ሕዝብ ከዚያ ጨርቅ ሥር ተሰለፈ ይባላል። ያ በእሳት ፍንጣሪ የተበሳሳ የአንጥረኛ ሽርጥ በዕንቁ ተጊጦ የነገሥታት ሰንደቅ እንደሆነም ትውፊቱ ይተርካል። ነገሩ አፈ ታሪክ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሕዝብ የጀግንነቱን ዓርማ ከንጉሥ ካባ ሳይሆን ከሠራተኛ ሽርጥ መቁረጡ ብዙ የሚናገረው አለው።

በአውሮፓም ለብዙ ዘመናት ሽርጥ የወንድ የእጅ ባለሙያ መታወቂያ ነበር። አንጥረኛው፣ ጫማ ሰፊው፣ ድንጋይ ጠራቢውና ሥጋ ሻጩ በሽርጣቸው ከሩቅ ይለዩ ነበር። ለእኛ ለወታደሮች ደግሞ የበለጠ የሚቀርብ ምሳሌ አለ። ፈረንሳዮች በየዓመቱ ጁላይ 14 ቀን በሚያከብሩት ብሔራዊ በዓል ላይ የውጭ ዜጎች ክፍለ ጦራቸው በሰልፍ ሲያልፍ፣ ከፊት የሚቀድሙት ጺማቸውን ያሳደጉ፣ መጥረቢያ በትከሻቸው የያዙና ሰፊ የቆዳ ሽርጥ የታጠቁ ወታደሮች ናቸው። ጫካ መንጥረው፣ እንቅፋት ሰብረው ለሠራዊቱ መንገድ የሚከፍቱት የጥንቶቹ መሐንዲስ ወታደሮች ወራሾች ናቸው። በዚያ ሰልፍ ላይ ሽርጣቸውን አይቶ የሚስቅባቸው ሰው የለም። እንግዲህ ያው ጨርቅ በአደባባይ ሲታይ የሚያስከብር፣ በማጀት ሲታይ የሚያስንቅ የሆነው በምን ምክንያት ነው?

ሽርጡ ወደ ማጀት የወረደበት ዘመን

መልሱን የምናገኘው በሥራ አከፋፈል ታሪክ ውስጥ ነው። ፋብሪካ ከመስፋፋቱ በፊት በአውሮፓ የገበሬውም ሆነ የእጅ ባለሙያው ቤት መኖሪያም የሥራ ቦታም ነበር። ባል ሲሸምን ሚስት ትፈትላለች፤ ልጅ ያዳውራል፤ ሁሉም በአንድ ጣሪያ ሥር ይደክማሉ። ከ18ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ጀምሮ በእንግሊዝ አገር መኪናና ፋብሪካ ሲስፋፋ ግን ሥራ ከቤት ወጣ። ደመወዝ የሚከፈልበት ድካም «ሥራ» ተባለ፤ ደመወዝ የማይከፈልበት የቤት ድካም ደግሞ ስሙን ተነጠቀ። ውሃው ይቀዳል፣ እሳቱ ይነዳል፣ ልጁ ይታጠባል፣ ልብሱ ይጠቀማል፤ ነገር ግን ይህን ሁሉ ስታደርግ የዋለችው ሴት «ምን ትሠራለች?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ምንም፤ ቤት ነው የምትውለው» የሚል ሆነ።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በእንግሊዝ ለሴቶች ከነበሩት የቅጥር ሥራዎች ሁሉ ትልቁ የቤት አገልጋይነት ሲሆን፣ በዚሁ ሥራ የሚተዳደሩት ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። አገልጋይዋ ጧት ምድጃ ስትጠርግና ወለል ስታሽ ሸካራ ሽርጥ ታጠልቃለች፤ ከሰዓት በኋላ እንግዳ ስትቀበል ደግሞ በጥቁር ቀሚስ ላይ በስታርች የደረቀ ነጭ ሽርጥ ታስራለች። ነጩ ሽርጥ የጌታዋን ቤት ክብር የሚያሳይ ዓርማ ነበር። ዓርማውን አጥባና ተኩሳ የምታነጻውም ያቺው አገልጋይ ነበረች።

በዚያው ዘመን ኢዛቤላ ቢተን የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1861 ስለ ቤት አስተዳደር አንድ ሰፊ መጽሐፍ አሳተመች። መጽሐፉን ስትከፍት የቤት እመቤትን ያመሳሰለቻት ከጦር አዛዥ ጋር ነው። ጸሐፊዋ በዚያን ጊዜ ገና 25 ዓመቷ ነበር፤ በ28 ዓመቷም ከወሊድ በኋላ በደረሰባት ሕመም አረፈች። ንጽጽሯ ግን ከብዙ የጦር ሰዎች አስተያየት ይልቅ ከእውነቱ የቀረበ ነበር። ስንቅን በጊዜው ማዘጋጀት፣ ሰውን በየሥራው ማሰማራት፣ በሽታን መከላከል፣ ወጪን ከገቢ ማስማማት በጦር ሜዳ ሲሆን ሎጂስቲክስ ይባላል፤ በቤት ውስጥ ሲሆን ግን ስም የለውም።

ያ ስም የለሽ ሥራ ሲጓደል ምን እንደሚከተል የክሪሚያ ጦርነት አሳይቷል። በዚያ ጦርነት ከእንግሊዝ ወታደሮች መካከል አብዛኞቹ የሞቱት ከጠላት በተተኮሰ ጥይት ሳይሆን በበሽታ ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1854 ከ38 አስታማሚዎች ጋር ስኩታሪ ወደሚገኘው ሆስፒታል ስትደርስ በፍጥነት ካደራጀቻቸው ነገሮች መካከል የልብስ ማጠቢያና የበሽተኞች ምግብ ማብሰያ ይገኙበታል። በማጠቢያውም የወታደር ሚስቶች ተቀጥረው ሠሩ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ አሌክሲስ ሶየር የተባለ ስመ ጥሩ ወጥ ሠሪ ወደዚያው ሄዶ ማገዶ የሚቆጥብ የመስክ ምድጃ አስተዋወቀ። ምድጃው በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ከ100 ዓመት በላይ አገልግሏል። ሳሙና፣ የፈላ ውሃና በወጉ የበሰለ ሾርባ የሠራዊት ሕይወት ማዳኛ መሆናቸውን ጄኔራሎቹ የተማሩት ሽርጥ ከታጠቁ ሰዎች ነበር።

መቀነትና ወፍጮ

ወደ አገራችን ስንመለስ የባላገሯ እናታችን ሽርጥ የሚባል የተለየ ልብስ አላሻትም። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ መቀነቷን ጠበቅ ስታደርግ ለሥራ ታጠቀች ማለት ነው። መቀነቷ ወገቧን ይደግፋል፤ ጫፉ ገንዘብ ይቋጥራል፤ እንስራ ስትሸከምም ጀርባዋን ያጸናል። ስለዚህ የእኛን አገር የቤት ሥራ ታሪክ የምናነበው በጨርቁ ላይ ሳይሆን በሥራው ራሱ ላይ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ገና ሌሊት ነው። የሞተር ወፍጮ ባልነበረበት ዘመን እህሉ የሚፈጨው በድንጋይ ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብሎ መጁን ወደፊትና ወደኋላ በመግፋት ነበር። ክንድ ይዝላል፤ ወገብ ይንቀጠቀጣል፤ መዳፍ ይጠነክራል። የነገው እንጀራ ዛሬ ካልተፈጨ ነገ መሶቡ ባዶ ስለሚሆን፣ ይህ ሥራ ሕመም አያውቅም፤ በዓል አያውቅም፤ ኀዘን እንኳ ቢሆን ለጥቂት ቀን በጎረቤት እጅ ያሸጋግረዋል እንጂ አያስቀረውም።

ብዙዎቻችን እንጀራን የምናውቀው ከመሶብ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ጉዞ ግን እስቲ በሥርዓት እንቁጠረው። ጤፉ ይበጠራል፤ ይነፋል፤ ይፈጫል። ዱቄቱ በእርሾ ይቦካል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከላዩ ያቀረረው ውሃ ይደፋል። ከሊጡ ጥቂቱ ተወስዶ በፈላ ውሃ አብሲት ይጣላል፤ ተመልሶም ከሊጡ ጋር ይዋሐዳል፤ ኩፍ እስኪልም ይጠበቃል። ምጣዱ በማገዶ ይግላል፤ በጎመን ዘር ይታሰሳል። ሊጡ ከዳር ወደ መካከል ክብ እየተሠራ ይፈስሳል፤ ዓይን ሲያወጣ በአክንባሎ ይከደናል፤ በሰፌድ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚከናወነው ያለ ሰዓት፣ ያለ ቴርሞሜትርና ያለ መመሪያ ወረቀት ነው። የምጣዱን ሙቀት በእጅ፣ የሊጡን መድረስ በሽታና በዓይን መለየት ሙያ ነው። «ባለሙያ» የሚለውን ማዕረግ ሕዝባችን ለእንዲህ ያለችው ሴት የሰጣትም ያለ ነገር አይደለም። የሚያሳዝነው ማዕረጉን ሰጥቶ ዕረፍቱን መንፈጉ ነው።

በዚህ ላይ ውሃ መቅዳት፣ ማገዶ መልቀም፣ በርበሬ መደለዝና መውቀጥ፣ አተር መከካት፣ ጠላ መጥመቅ፣ ጥጥ መፍተል፣ ልጅ ማዘልና በሽተኛ ማስታመም አለ። እናት ብቻዋን ስለማትችለውም ሴት ልጇን ታስከትላለች። በየገጠሩ ወንድሟ ደብተር ይዞ ሲሄድ እርሷ እንስራ ይዛ ወደ ምንጭ የወረደች ልጃገረድ ብዛቷ የትየለሌ ነው። የቤት ሥራ ጥያቄ የአገር ዕውቀት ጥያቄ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዓድዋ ጦር ጀርባ

ወታደር ስለ ማጀት ማወቅ ለምን ያሻዋል የሚል ቢኖር የራሱን ሠራዊት ታሪክ ይጠይቅ። በጥንቱ የዘመቻ ሥርዓታችን የዛሬው ዓይነት የስንቅና ትጥቅ መምሪያ አልነበረም። ወታደሩ በሶውን፣ ቆሎውን፣ ዳቦ ቆሎውንና ድርቆሹን ከቤቱ ይዞ ይወጣ ነበር። ይህም ማለት ነጋሪት ተጎስሞ ክተት ሲታወጅ መጀመሪያ የሚዘምተው ጠመንጃው ሳይሆን ወፍጮው ነው። ወንዱ ጋሻውን ሳያወርድ ሴቷ ገብስ መቁላት ትጀምራለች። ከዚያም ብዙዎቹ ሴቶች ምጣዳቸውንና ድስታቸውን ተሸክመው ከጦሩ ጋር ይጓዙ ነበር። ጦሩ ሲሰፍር ወንዱ ድንኳን ተክሎ ያርፋል፤ እርሷ ግን ውሃ ፍለጋ ትወርዳለች፤ ማገዶ ትለቅማለች፤ ትፈጫለች፤ ትጋግራለች። በነጋታውም እንደ ወንዱ እኩል ትራመዳለች።

በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ዘመቻ ጊዜ ከመሐል አገር የተነሳው ሠራዊት ለወራት ተጉዞ ሰሜን ሲደርስ ይህንኑ ሸክም ሴቶች አብረው ተሸክመውታል። እቴጌ ጣይቱ በዚያው ዓመት በጥር ወር የመቀሌው ምሽግ ሲከበብ ጠላት ውሃ የሚቀዳበት ምንጭ እንዲያዝ ያመላከቱት ምክር በታሪክ የታወቀ ነው። ውሃ የሌለው ቤት ምን እንደሚሆን ከሴት የበለጠ ማን ያውቃል? የካቲት 23 ቀን በዓድዋ ተራሮች ላይ ውጊያው ሲጋጋልም በሺህ የሚቆጠሩ የሰፈሩ ሴቶች ውሃ እየተሸከሙ ለተዋጊውና ለቁስለኛው አቅርበዋል። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚነግሩን በውጊያው ዋዜማ በሁለቱም ወገን ስንቅ እየተመናመነ ነበር። ጦሩን እስከዚያች ጧት ድረስ በእግሩ ያቆመው የጎበዛዝቱ ወኔ ብቻ አልነበረም፤ የስንቅ አዘጋጆቹም ክንድ ጭምር እንጂ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የፋሺስት ወረራ ዘመንም የውስጥ አርበኞች ሆነው ስንቅ፣ መድኃኒትና መረጃ ወደ ጫካ ያሻገሩ ሴቶች ጥቂቶች አልነበሩም። ሸዋረገድ ገድሌን የመሰሉት ስማቸው ተመዝግቦ ይታወሳል። ሌሊት ሌሊት በሶ ሲፈጩ ያደሩት፣ ለአርበኛው በጓሮ በኩል እንጀራ ያቀበሉት ግን አብዛኞቹ ስም የላቸውም። የጀግና ሐውልት የጋለበውን ያሳያል፤ የጋገረችውን አያሳይም።

ሕግ፣ ሰዓትና ዕረፍት

ልማድ ብቻ ሳይሆን ሕግም ለረጅም ጊዜ ሽርጡን በአንድ ወገን ወገብ ላይ አስሮት ኖሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ይሠይም ነበር፤ ባል ለሚስቱ አገልጋይ ለመቅጠር አቅም ባይኖረው የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ግዴታ ይጥልባትም ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ይህን ሥርዓት ለውጦ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በመምራት ረገድ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። ወረቀቱ ተስተካክሏል። ምድጃው ግን አዋጅ አያነብም፤ ሕጉን ወደ ምድጃው የሚያደርሰው የሰው እጅ ነው።

ሥራው ምን ያህል እንደሆነ በሰዓትም ተመዝኗል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት በዓለም ዙሪያ ክፍያ በሌለው የቤትና የእንክብካቤ ሥራ ላይ በየቀኑ 16.4 ቢሊዮን ሰዓት ይውላል። ይህም 2 ቢሊዮን ሰዎች በቀን 8 ሰዓት ያለ ደመወዝ ቢሠሩ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ከሦስት አራተኛው የሚበልጠው የሴቶች ድካም ነው። በአማካይ ሴት በቀን 4 ሰዓት ከ25 ደቂቃ፣ ወንድ ደግሞ 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ በዚህ ሥራ ላይ እንደሚያሳልፉ ጥናቱ ያስረዳል።

ቁጥር የማያሳምነው ሰው ቢኖር የአይስላንድን ታሪክ ይስማ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1975 በዚያች ትንሽ አገር ከመቶ 90 ያህሉ ሴቶች ለአንድ ቀን ቢሮውንም፣ ፋብሪካውንም፣ ማጀቱንም ትተው ወጡ። በዚያች ቀን አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መሥሪያ ቤት ሄዱ፤ ብዙ የሥራ ቦታዎችና ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ያች ዓርብ በወንዶቹ ዘንድ «ረጅሟ ዓርብ» ተብላ ቀረች። በማግሥቱ ዓመት የአገሪቱ ምክር ቤት የእኩልነት ሕግ አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ሕዝቡ አንዲት ሴት ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጠ። የአንድ ቀን ባዶ ምድጃ ከብዙ ዓመት ንግግር ይልቅ አስተማሪ ሆነ።

ድካሙን የሚቀንስ ብልሃትም ተፈልጓል። ኦስትሪያዊቷ መሐንዲስ ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ እ.ኤ.አ. በ1926 ለፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኞች መኖሪያ የነደፈችው ወጥ ቤት ጠባብ ቢሆንም ሁሉም ዕቃ በእጅ ርቀት የሚገኝበት ነበር፤ አርአያዋም የባቡር ምግብ ቤት ነው። በአገራችን በ1980ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እሳት ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። የሞተር ወፍጮ ደግሞ በደረሰበት መንደር ሁሉ የመጁን ዘመን አሳጥሯል። ይሁን እንጂ ምድጃ ቢሻሻልም ምድጃው አጠገብ የምትቆመው አንዲት ሰው ብቻ ከሆነች ችግሩ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንዲሉ።

በዚህ አጋጣሚ በየቤታችን ተቀጥረው የሚሠሩትን እህቶች መዘንጋት አይገባም። ሚስትን ለማሳረፍ የአንዲት የገጠር ልጅ እንቅልፍ የሚሠዋበት ቤት እኩልነትን አላመጣም፤ ሸክሙን ወደ ደካማው ትከሻ አዛወረው እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2011 የጸደቀው የዓለም የሥራ ድርጅት 189ኛ ስምምነት ለቤት ሠራተኞች በሳምንት ቢያንስ ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ይደነግጋል። ዘበኛ ሳይቀያየር እንደማይጠብቅ የምናውቅ እኛ፣ ሰው ሳያርፍ እንደማይሠራ ሌላ ሊነግረን አይገባም።

በጦር ሰፈራችን

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ። በጦር አካዳሚም ሆነ በማሠልጠኛ ያለፈ ማንኛውም ወንድ አልጋውን በልኩ ማንጠፍ፣ ልብሱን ማጠብና መተኮስ፣ ወለል መወልወል፣ ቁልፍ መትከልና ሽንኩርት መላጥ ተምሯል። ይህን ሲያደርግ ወንድነቱ አልጎደለም፤ እንዲያውም ዲሲፕሊን ተብሎ ተመስግኖበታል። የወጥ ቤት ተረኛ ሆኖ ሽርጥ ሲታጠቅና የሽንኩርት እንባ ሲያፈስ «ሴታ ሴት» ያለው የለም። ያው ሰው የራሱን ቤት ደጃፍ ሲረግጥ ግን ሙያው ሁሉ ከትዝታው ይጠፋል። ውሃ ከአጠገቡ ሆኖ «ውሃ አምጪ» ይላል።

የሰፈሩን ልማድ እናስተውል። አባወራው ግዳጅ ላይ በሚቆይባቸው ወራት ሚስት ቤቱን ብቻዋን ትመራለች፤ ልጅ ታስተምራለች፤ ታማሚ ታስታምማለች፤ ኪራይና ወርኃዊ ወጪ ታቻችላለች። ከዚያ እርሱ በፈቃድ ይመጣል። ደስታው ትልቅ ነው፤ ቡናው ይፈላል፤ ዶሮው ይታረዳል፤ እንግዳው ይጎርፋል። ፈቃዱ ሲያልቅ እርሱ አርፎ ይመለሳል፤ እርሷ ግን ከመምጣቱ በፊት ከነበረችበት የበለጠ ደክማ ትቀራለች። እንግዲህ እያንዳንዳችን ራሳችንን ልንጠይቅ የሚገባን ጥያቄ ይህ ነው፦ የእኔ ፈቃድ ለቤቴ ዕረፍት ነው ወይስ ተጨማሪ ግዳጅ?

አበው «ወንድ በችሎት፣ ሴት በማጀት» ይሉ ነበር። ዛሬ ሴቷ በችሎትም፣ በሐኪም ቤትም፣ በሠራዊቱም ውስጥ አለች። ወደ ችሎቱ ስትወጣ ከማጀቱ የተካት ሰው ከሌለ ግን አንድ ሥራ ወደ ሁለት ተባዛባት እንጂ ነፃ አልወጣችም። ለዚህም አበው ራሳቸው መፍትሔውን አስቀምጠውልናል፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሸክሙን ለመካፈል የሚረዳ አንድ ቀላል ሥራ ለባለትዳሮች እንጠቁማለን። ስፋቱ 90፣ ርዝመቱ 100 ሳንቲ ሜትር የሆነ አቡጀዴ ይገዛ። ከጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዝርግ በቁመቱ ይቆረጥና ይቀመጥ። በቀረው 70 በ100 ጨርቅ ከታች 15 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ይነሳ፤ ለኪስ ይሆናል። ከላይ በደረት በኩል መካከሉ 28 ሳንቲ ሜትር እንዲቀር ሁለቱ ማዕዘኖች በ25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ጎበጥ ተደርገው ይቆረጡ። ጎን የተቀመጠው ዝርግ እያንዳንዱ 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ሦስት ጥብጣቦች ይከፈል፤ ታጥፈውም ይሰፉ። ሁለቱ የወገብ ማሰሪያ ይሆናሉ፤ ሦስተኛው በ60 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ የአንገት ማንጠልጠያ ይሆናል። ጠርዙ ሁሉ ታጥፎ ይዘምዘም። ሠራዊቱ ውስጥ መርፌና ክር መያዝ የማያውቅ የለምና ስፌቱን አባወራው ይሥራው። ሲጨርስም ለሁለት ሰዎች የሚሆን ሁለት ሽርጥ በበሩ ጀርባ ይሰቀል፤ ወንዱም ሴቷም ልጅ ቁመታቸው ሲደርስ ሦስተኛና አራተኛ ይጨመር።

ከዚያ በኋላ ሥራው እንደ ጥበቃ ተራ ይደልደል። ማን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ማን ዕቃ እንደሚያጥብ፣ ማን ልጅ እንደሚያስጠና ይታወቅ። «ላግዝሽ» የሚለው ቃልም ቢቀር እንመርጣለን፤ የሚያግዝ ሰው የሥራው ባለቤት ሌላ ነው ማለት ነውና። ቤቱ የሁለታችን ከሆነ ድካሙም የሁለታችን ነው። አባቱ ሽርጥ ታጥቆ ሽሮ ሲያማስል ያየ ወንድ ልጅ ነገ ሚስቱን አይንቅም፤ ወንድሟ እንስራ ሲያነሳ ያየች ሴት ልጅም ደብተሯን በጊዜ ትከፍታለች። ይህ በየትኛውም የማሠልጠኛ ክፍል የማይሰጥ ትምህርት ነው።

ወታደር የሚታወቀው ጓደኛውን በሸክም ሥር ጥሎ ባለመሄዱ ነው። ይህ የሠራዊታችን ሕግ ከሰፈሩ አጥር ውጭ ባለው በር ላይ እንዳያበቃ አደራ እንላለን። ሽርጡ በምስማሩ ላይ ነው፤ ቁመቱ ለወንድም ይበቃል።